ማንን አሸነፈ? ምን አሸነፈ? ስለ እንግሊዝኛ የብልጫ ግሶች

ለዚህ ዓመት መጽሔት ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው አንድ ነገር እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ ብዙ ርእስ በልቤ ተመላለሰ። ስለ ጊዜያት እንዳልጽፍ፥ መማሪያ መጽሐፉ ራሱ ከሚበቃ በላይ ጽፎበታል። ስለ ንባብ ጥቅም እንዳልጽፍ፥ ይህን በየዓመቱ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ስለዚህ አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር መረጥሁ፤ ይኸውም አንድ ሰው ተወዳዳሪውን ሲበልጥ፥ ሲቀድም ወይም ሲያሸንፍ በእንግሊዝኛ በየትኛው ግስ ይጻፋል የሚል ነው። ትንሽ የሚመስል አልሁ እንጂ ትንሽ አይደለም፤ ግሱ ከተሳሳተ የተሸነፈው አሸናፊ ሆኖ ይጻፋልና።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ሰበታና ቡራዩ በእግር ኳስ ገጥመው ሰበታ 2 ለ 1 ረታ እንበል። ወሬውን በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ የታዘዘው ተማሪ በልቡ «ቡራዩ በሰበታ ተሸነፈ» ብሎ ያስባል። ማሸነፍ «ዊን» እንደሚባል ያውቃል፤ ያለፈው ጊዜ «ዋን» እንደ ሆነም ያውቃል፤ «በ» ደግሞ «ባይ» ነው ብሏል። ሦስቱን ይገጣጥምና «ቡራዩ ዋን ባይ ሰበታ» ብሎ ያስረክባል። በተማሪዎች ደብተር ውስጥ በዚህ መልክ በተሠራ ዓረፍተ ነገር ላይ ስንት ጊዜ ቀይ መስመር እንዳሰመርሁ ቈጥሬ አልጨርሰውም። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ከዚህ የሚረዳው «ቡራዩ አሸነፈ» የሚለውን ነው። «ባይ ሰበታ» የሚለው ግራ ያጋባዋል፤ ምናልባትም ጨዋታው በሰበታ አጠገብ የተደረገ ይመስለዋል። እነሆ፥ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የሮጡት የሰበታ ልጆች ድላቸውን በአንድ ቃል ተነጠቁ ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛው ፊደል አስቀምጣለሁ፤ አጻጻፉ ለስሕተት በሚያጋልጥበት ቦታ ፊደሎቹን በየስማቸው እጠራቸዋለሁ። ዘመኑንም፥ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር አድርጌዋለሁ።

የስሕተቱ ምንጭ የተማሪው ስንፍና አይደለም። አማርኛችን «አሸነፈ» የሚለውን አንድ ግስ ለብዙ ሥራ ያሰማራዋል። «ተወዳዳሪውን አሸነፈ» እንላለን፤ «ውድድሩን አሸነፈ» እንላለን፤ ምንም ተሳቢ ሳንጨምር «አሸነፈ» ብለንም እንተዋለን፤ ሦስቱም ያምራሉ። በየቤታችን ኦሮምኛ የምንናገርም ብንሆን ከዚህ አናመልጥም፤ «ሞአቴ» የሚለው ግስ ሰውንም ጨዋታንም ይስባል። እንግዲህ የሰበታ፥ የቡራዩና የሱሉልታ ተማሪ በሁለት ቋንቋ አንድ ዓይነት ልማድ ይዞ ወደ ሦስተኛው ቋንቋ ሲሻገር፥ እንግሊዝኛ መንገዱን ለሁለት ከፍሎ ይጠብቀዋል።

በእንግሊዝኛ «ዊን» የሚስበው ነገርን ነው፤ ሩጫን፥ ጨዋታን፥ ጦርነትን፥ ሽልማትን፥ ምርጫን። «ቢት» የሚስበው ግን ባላጋራን ነው፤ ሰውን፥ ቡድንን፥ አገርን። ስለዚህ እስክሪብቶአችሁ ወረቀቱን ሳይነካ ራሳችሁን ጠይቁ፤ የተሸነፈው ማን ነው ወይስ ምን? ማን ከሆነ «ቢት»፥ ምን ከሆነ «ዊን»። «ኃይሌ ዋን ዘ ሬስ»፥ ኃይሌ ሩጫውን አሸነፈ። «ኃይሌ ቢት ቴርጋት»፥ ኃይሌ ቴርጋትን አሸነፈ። «ኃይሌ ዋን ቴርጋት» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ግን፥ እንግሊዛዊው ቴርጋት ዕቃ ሆኖ ለኃይሌ በዕጣ የወጣለት አድርጎ ይረዳዋል። ሎተሪ ሲደርሰን በእንግሊዝኛ የምንጽፈው በዚሁ በ«ዊን» ነውና።

ኃይሌንና ቴርጋትን በከንቱ አላነሣኋቸውም። የእነዚህ የሁለት ሰዎች ፉክክር ለዚህ ትምህርት ተብሎ የተደረገ ይመስላል። በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ቀድሞ የገባው በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር፤ ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፥ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ። በዚያ ቀን ኃይሌ ሰውየውንም ሩጫውንም አሸንፏል፤ ተሳቢውን እስካላሳሳትን ድረስ «ቢት» ብንልም «ዊን» ብንልም እውነት ነው።

አሁን ወደ 2002 የለንደን ማራቶን እንለፍ። አንደኛ የወጣው ለአሜሪካ ይሮጥ የነበረው የሞሮኮ ተወላጅ ኻሊድ ኻኑሺ ነው፤ ጊዜውም 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ነበር። ቴርጋት ሁለተኛ፥ ኃይሌ ሦስተኛ ሆኑ። ተማሪዎች ሆይ፥ በዚህ ቀን ቴርጋት ኃይሌን አሸነፈ ወይስ አላሸነፈም? አሸንፎታል፤ «ቴርጋት ቢት ኃይሌ» ብሎ መጻፍ ትክክል ነው። ነገር ግን «ቴርጋት ዋን» ብሎ የጻፈ ሰው ሐሰት ጽፏል፤ ያሸነፈው ኻኑሺ ነውና። በአማርኛ «ቴርጋት አሸነፈ» ቢባል ሰሚው «ማንን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። በእንግሊዝኛ «ዋን» ተብሎ ከቆመ ግን ጥያቄው ተዘግቷል፤ ሰውየው አንደኛ ወጥቷል ማለት ነው።

ወደ ተሸናፊው ወገን ስንዞር፥ አማርኛ በአንድ ቃል «ተሸነፈ» የሚለውን እንግሊዝኛ በሁለት መንገድ ይለዋል። የመጀመሪያው «ቡራዩ ወዝ ቢትን ባይ ሰበታ» ነው። እዚህ «ወዝ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ከወደቀች ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። ሁለተኛው «ቡራዩ ሎስት ቱ ሰበታ» ነው፤ አጭርና የማያደናግር ስለ ሆነ ለጀማሪ እኔ ይህን እመክራለሁ። ሆኖም «ቱ»ን አትርሱ፤ «ቡራዩ ሎስት ሰበታ» ያላችሁ እንደ ሆነ ቡራዩ ሰበታን አጣ ማለት ይሆናል። የአሁኑን ጊዜ «ሉዝ»ንም ስትጽፉ ኤል፥ ኦ፥ ኤስ፥ ኢ፤ «ኦ» አንድ ብቻ ናት። ሁለት «ኦ» ያለው «ሉስ» የላላ ገመድ፥ የላላ ቁልፍ የሚባልበት ሌላ ቃል ነው።

ጌጠኛ አነጋገር የሚወዱ ተማሪዎች ደግሞ «በቡራዩ ላይ ድል ተቀዳጀ» የሚለውን አስበው «ሰበታ ዋን ኦቨር ቡራዩ» ይላሉ። «ኤ ዊን ኦቨር ቡራዩ» ተብሎ በስምነት ሲገባ መልካም ነው። ግስ ሆኖ ሲመጣ ግን ትርጕሙ ሌላ ነው፤ አንድን ሰው በመልካም ቃል ወይም በሥራ ልቡን ማርኮ ወደ ራስ ወገን ማምጣት ማለት ነው። ይህም ደግ ሥራ ነው፤ ነገር ግን 2 ለ 1 አይባልበትም።

ስለ «ቢት» አጻጻፍ ጥቂት ልጨምር። ፊደሉ ቢ፥ ኢ፥ ኤይ፥ ቲ ነው። አማርኛ ረጅሙን «ኢ» ከአጭሩ ስለማይለይ፥ በጆሮአቸው ብቻ እየተመሩ ቢ፥ አይ፥ ቲ ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ያ «ነከሰ» ማለት ነው። «ኃይሌ ቴርጋትን ነከሰው»! በሲድኒ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። ያለፈው ጊዜም ያው «ቢት» ነው፤ «ቢትድ» የሚባል ቃል በእንግሊዝኛ የለም፤ ከ«ሃዝ» ወይም ከ«ወዝ» ጋር ሲመጣ ብቻ «ቢትን» ይሆናል። «ዊን» ግን ባለፈው ጊዜም ከ«ሃዝ» በኋላም «ዋን» ነው፤ «ዊንድ» አይባልም።

«ቢት» መደብደብ ማለትም ስለ ሆነ አንዳንድ ተማሪ ይፈራዋል፤ «ጓደኛዬን ደበደብሁት እንዳይመስልብኝ» ይላል። ውድድሩ ከተነገረ አንባቢ አይሳሳትም፤ «ሺ ቢት ሚ ኢን ዘ ሬስ» ቢባል ዱላ የሚያስብ የለም። ጠንከር ያለና የተከበረ ቃል በሚያስፈልግበት ቦታ ግን «ዲፊት» አለ። እርሱም እንደ «ቢት» ባላጋራን ይስባል። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ለመጻፍ «ኢትዮጵያ ዲፊትድ ኢጣልያ አት ዓድዋ» ወይም «ኢትዮጵያ ዋን ዘ ባትል ኦቭ ዓድዋ» እንላለን፤ ጠላትን በ«ዲፊት»፥ ጦርነቱን በ«ዊን»። በዚህ ቦታ «ቢት» ማለት ሰዋስውን አያፈርስም፤ ግን የኳስ ሜዳ ሽታ አለው፤ እኔ ለዓድዋ አልጠቀምበትም።

ቀጥሎ «ቀደመ»ን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ በቡራዩ ሲያልፍ አንዱ መኪና ሌላውን ደርቦ ሲያልፍ የማያይ የለም። ደርቦ ማለፍ በእንግሊዝኛ «ኦቨርቴክ» ይባላል፤ ያለፈው ጊዜ «ኦቨርቱክ» ነው። ደርቦ ያለፈው መኪና ግን አምቦ ቀድሞ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። በሩጫም እንዲሁ ነው። በሲድኒ በመጨረሻው ዙር አፈትልኮ የወጣው ቴርጋት ነበር፤ ኃይሌን ቀድሞት ሲሮጥ ቈየ፤ ኃይሌ የደረሰበት በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ላይ ነው። ስለዚህ «ቴርጋት ኦቨርቱክ ኃይሌ፥ በት ኃይሌ ቢት ቴርጋት» ብለን ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ብንጽፍ እውነት ነው። በ1964 በቶኪዮ ደግሞ አበበ ቢቂላ በማራቶን አንደኛ ከገባ በኋላ፥ ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም የገባውን ጃፓናዊ ኮኪቺ ጹቡራያን እንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ በስታዲየሙ ውስጥ ደርሶ አለፈው። ሂትሊ ጹቡራያን «ኦቨርቱክ»፤ ሩጫውን ግን አላሸነፈም፤ አበበ ከ4 ደቂቃ በፊት ጨርሶታል። «ፕሪሲድ» የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት አግኝተው ለሩጫ የሚያውሉት ሰዎች አሉ። እርሱ የሰልፍና የዘመን ቅደም ተከተል ነው፤ ሰኞ ማክሰኞን ይቀድማል እንደ ማለት። ሰኞ ማክሰኞን አላሸነፈውም።

ከላይ «ምን ከሆነ ዊን» ያልሁት አንድ ነገር አይገዛውም፤ እርሱም ክብረ ወሰን ነው። ቴርጋት በ2003 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ሮጦ ክብረ ወሰን አቆመ። ኃይሌ በ2007 በዚያው ከተማ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ አሻሻለው። ክብረ ወሰን ሰው ባይሆንም እንግሊዝኛ እንደ ባላጋራ ይቈጥረዋል፤ «ኃይሌ ቢት ቴርጋትስ ሬኮርድ» ወይም «ብሮክ» ይባላል እንጂ «ዋን ዘ ሬኮርድ» አይባልም። እዚህ ላይ «ሬኮርድ» የሚለውን ቃል ዘንግቶ «ኃይሌ ቢት ቴርጋት» ብቻ የጻፈ ሰው ያልተደረገ ነገር መዘገበ፤ በዚያ ቀን ቴርጋት በበርሊን አልሮጠምና።

በክፍላችን የስም መጥሪያ ላይ በለጠ፥ አሸናፊ፥ ረታ፥ በላይ የሚሉ ስሞች አይታጡም፤ ጫላና ጫልቱም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ «ጫሉ» በኦሮምኛ መብለጥ ነውና። ወላጅ ሁሉ ልጁ እንዲበልጥ ይመኛል፤ ማንን እንደሚበልጥ ግን ስሙ አይናገርም። «ሰርፓስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ እንዲህ ዝም ብሎ ሊቆም አይችልም፤ የተበለጠው ሰው ወይም ነገር መጠራት አለበት። «ጫልቱ ሰርፓስድ ሄር ቲቸር»፥ ጫልቱ መምህሯን በለጠች። ተሳቢ ሳይጠራ መብለጥን ለመናገር የሚያገለግለው «ኤክሴል» ነው፤ «ጫልቱ ኤክሴልስ ኢን ማቴማቲክስ» ሲባል በሒሳብ እጅግ ጐበዝ ናት ማለት ነው፤ ከማን ጋር እንደ ተወዳደረች አንጠይቅም። «ኤክሲድ» ደግሞ የልክ ግስ ነው፤ የተወሰነ ቍጥር፥ የተፈቀደ ፍጥነት፥ የተመደበ ገንዘብ ሲታለፍ ይነገራል። ትርፍ የጫነ ታክሲ የተፈቀደውን የሰው ብዛት «ኤክሲድ» አደረገ እንላለን። ሰው ሰውን ግን «ኤክሲድ» አያደርግም።

እነዚህን ሦስቱን የሚያበላሽብን «ከ» ናት። እኛ «ከእርሱ ይበልጣል» ስለምንል ተማሪው «ኤክሲድስ ፍሮም ሂም»፥ አንዳንዴም «ሰርፓስስ ዛን ሂም» ይጽፋል። የእንግሊዝኛው ግስ ተሳቢውን በቀጥታ ይይዛል፤ «ፍሮም»ም «ዛን»ም በመካከል አይገቡም። ደግሞም የእኛ «በለጠ» ብዙ ጊዜ ፉክክር የለበትም፤ ማነጻጸር ብቻ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፥ ሯጮች የሚለማመዱባት ሱሉልታ «በከፍታ ከአዲስ አበባ ትበልጣለች» እንላለን፤ ሁለቱ ከተሞች ግን አልተወዳደሩም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ግሱን ትተን ቅጽሉን እንይዛለን፤ «ሱሉልታ ኢዝ ሃየር ዛን አዲስ አበባ»። እዚህ «ዛን» በቦታዋ ናት። በቡራዩ በኩል ያለው የገፈርሳ ግድብና በሌላው ወገን ያለው የለገዳዲ ግድብ ሁለቱም ለአዲስ አበባ ውኃ ይሰጣሉ፤ ለገዳዲ ይበልጣል። ይህም «ላርጀር ዛን» ነው፤ ለገዳዲ ገፈርሳን ድል አልነሣውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ግሱ ሳይሆን «በ» ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡ እፈልጋለሁ። የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፤ «አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በ25 ሰከንድ አሸነፈ»። «በ» አምስት ጊዜ ተነግራለች፤ አማርኛ አድማጭ በአንዲቱም አይደናገርም። ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ በ1960 «ኢን»፥ በሮም «ኢን»፥ ማራቶኑን የፈጸመበት ጊዜ «ኢን» ይሆናል። በባዶ እግሩ «ቤርፉት» ተብሎ ያለ ምንም መስተዋድድ ይቆማል። የመጨረሻው፥ ማለት በ25 ሰከንድ፥ «ባይ» ነው። ልዩነትን የሚያሳይ «በ» ሁልጊዜ «ባይ» ነው፤ የወሰደውን ጊዜ የሚያሳይ «በ» ደግሞ «ኢን» ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ «አበበ ዋን ዘ ማራቶን ኢን ትዌንቲ ፋይቭ ሰከንድስ» ብሎ ቢጽፍ፥ አበበ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በ25 ሰከንድ ጨረሰ ማለቱ ነው። አበበ ፈጣን ነበር፤ ይህን ያህል ግን አልነበረም። በጨዋታም እንዲሁ «ባይ ቱ ጎልስ» ማለት በሁለት ግብ ልዩነት ማለት ነው እንጂ ሁለት ግብ አገባ ማለት አይደለም፤ 2 ለ 1 ያሸነፈ ቡድን ያሸነፈው «ባይ ዋን ጎል» ነው።

«አውት» ከሌላ ግስ ፊት እየገባ የሚሠራቸው ቃላትም አሉ፤ «አውትረን» በሩጫ መብለጥ፥ «አውትሊቭ» በዕድሜ መብለጥ፥ «አውትነምበር» በቍጥር መብለጥ ነው። ልብስ ሲያጥርባችሁ «አውትግሮው» አድርጋችሁታል ይባላል፤ ወሰኗን አልፋ እስከ እነዚህ ሦስት ከተሞች ጫፍ የሰፋችውን አዲስ አበባንም በዚሁ ግስ መግለጽ ይቻላል። ነገር ግን «አውት»ን በፈቀዳችሁት ግስ ላይ አትለጥፉ፤ በመዝገበ ቃላት ያላያችሁትን ተዉት።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ የምትጽፉ እናንተ ናችሁና፥ አምስት ዓረፍተ ነገር ለመልመጃ ልስጣችሁ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን አሸነፈች። አበበ ቢቂላ በ1964 የቶኪዮን ማራቶን ከ4 ደቂቃ በሚበልጥ ልዩነት አሸነፈ። ሱሉልታ በቡራዩ 3 ለ 0 ተሸነፈ። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 በብራስልስ የራሱን የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን አሻሻለ። የእንጦጦ ተራራ ከሱሉልታ ሜዳ በከፍታ ይበልጣል። በሁለተኛው ውስጥ «በሚበልጥ» የሚለው እንዳያስታችሁ፤ «ሞር ዛን» ይበቃዋል። በአምስተኛው ከግሶቹ አንዱንም አትፈልጉ። ከጻፋችሁ በኋላ የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አሸናፊ በእርሳስ አስምራችሁበት፥ ደብተሩን አማርኛውን ላላየ ጓደኛ ስጡትና ማን እንዳሸነፈ ጠይቁት።